ለሁለት ሰው የሚሆን በረዶ

አባቴ ፍሪዘር ውስጥ ሊገባ ማሰቡን የሰማሁት ከራሱ አፍ አይደለም። የነገረችኝ ከሱቃችን ፊት ለፊት ብርድ ልብስ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት። መርካቶ ውስጥ የቤትን ወሬ ከቤተሰብ ቀድሞ ጎረቤት መስማቱ ብርቅ አይደለም። ያን ቀን ጠዋት ግን የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ ገፍቼ ሳልጨርስ መጣችና ክንዴን ይዛ፣ አባትሽ ስሞት እንዳትቀብሩኝ፣ በረዶ ውስጥ አስቀምጡኝ ብለዋል አሉ፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አባቴ ሲመጣ የሰማሁትን ነገርኩት፤ ይክዳል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

እዚህ ላይ አባቴ ምን ሲሠራ እንደኖረ መናገር አለብኝ። ሲኒማ ራስ አካባቢ ፍሪጅና ፍሪዘር ሲሸጥ ነው ያረጀው። እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፤ ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ አብሬው እሠራለሁ። እሱ ደንበኛ ያሳምናል፣ እኔ ሒሳብ እይዛለሁ፣ በመሀል በመሀል እንጨቃጨቃለን። እንግዲህ ፍሪዘር ሻጩ ፍሪዘር ሊገባ ነው ሲባል ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀ መገመት አያቅትም። ያልተሸጠ ዕቃ ቢተርፋቸው ነው ያለም አለ፤ ራሳቸው ገብተው ለደንበኛ ሊያሳዩ ነው ያለም አለ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። በአባቴ መሳቅ ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ሌላ ሰው ምን አገባው።

ስልኩ ላይ ያሳየኝ ቪዲዮ ውጭ አገር ስላለ አንድ ድርጅት ነው። ሰው ሲሞት ቶሎ ብለው ያቀዘቅዙታል፣ ከዚያ ፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡታል። ሕክምና አድጎ አድጎ አንድ ቀን ለገደለው በሽታ መድኃኒት ሲገኝ ያስነሱታል። ተስፋው ይሄ ነው። መብራት ሲጠፋስ አልኩት። በመብራት አይደለም የሚሠራው አለ፣ ደንበኛ ይህንኑ ሲጠይቀው በሚመልስበት ድምፅ። ዋስትናው ስንት ዓመት ነው ስለው ግን ፈገግ አለ። አባቴ ዕቃ ሲሸጥ ዋሽቶ አያውቅም፤ እስካሁን የተነሳ ሰው የለም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ሰው ተነስቶበት ለማያውቅ ነገር ገንዘብ ትከፍላለህ ወይ ብዬ ልሟገተው ሞከርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ያን ሳምንት ሁለቱንም ሆኖ ነው የሰነበተው። ጭራሽ ዕቁብ ገብቶ ነበር፣ ለዚሁ ጉዳይ፣ ከኛ ደብቆ።

እሑድ ምሳ ላይ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ቤተሰቡ ማለት እናቴ፣ እኔና ባንክ የሚሠራው ወንድሜ ነን። ወንድሜ ነገሩን እንደ ብድር ጥያቄ ነው የያዘው፤ የሚያውቀውን ጠበቃ ሁሉ ጠይቆ መጥቷል። አባቴ ያሰበው መርካቶ ውስጥ ከነጋዴዎች ጋር በአክሲዮን ከሠራው ሕንፃ የሚደርሰው ኪራይ እንዳይከፋፈልና ለበርሜሉ ዓመታዊ ክፍያ እንዲውል ነው። ወንድሜ ደግሞ፣ ሐኪም ሞቷል ባለበት ቀን ሕጉም ሞቷል ይላል፣ ንብረቱ የወራሾች ነው፣ እመለሳለሁ ብሎ ለራሱ ንብረት ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም አለው። ስለዚህ ብትነሳም የምትነሳው ባዶ እጅህን ነው ሲል አስረዳው። አባቴ ምንም አልደነገጠም። መርካቶስ የገባሁት ባዶ እጄን አይደል እንዴ አለ።

ብቻ አንድ ነገር ከንክኖት ነበር። እናንተን አምናችኋለሁ፣ የናንተ ልጆችም አያታቸውን ያውቃሉ፤ ከነሱ በኋላ የሚመጡት ናቸው የሚያሳስቡኝ፣ ስሜን እንኳን በትክክል የማያውቅ ልጅ በየዓመቱ ስለኔ ገንዘብ ይከፍላል ወይ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አሰብኩት። እኔ ራሴ የአያቴ አባት የት እንደተቀበረ አላውቅም። ለሱ በዓመት ይህን ያህል ክፈይ ቢሉኝ የምሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ እያጎረሰችን ነበር። ጆሮዋን የሰጠችው አባቴ ከሞት በኋላ ስላሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ሲያወራ ነው። ሬሳው ቶሎ መቀዝቀዝና አውሮፕላን ላይ መጫን አለበት። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ሲሞት አንዲት ሴት ከጮኸች አበቃ፤ ጎረቤት ይሞላል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሬሳ ከቤት ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ አውሮፕላን እስክገባ ድረስ ማንም እንዳያለቅስ፣ በተለይ አንቺ አላት።

እናቴ ያጎረሰችበትን እጇን ጠረገች። «እሺ፣ አላለቅስም። ከዚያስ እኔ ምን ልባል ነው? ባሏ የሞተባት ነው ወይስ ባሏ መንገድ የሄደባት? ለቅሶ የመጣ ሰው አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው ሲለኝ፣ አይ፣ በረዶውን ነው ልበለው?» አለችው። ወንድሜ ሳቁን ውኃ እየጠጣ ዋጠው። እሷ ግን ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ለረጅም ጊዜም ሳትወጣ ቆየች።

ተከትያት ስገባ የታጠበ ሳህን ደግማ እያጠበች ነበር። ገንዘቡ አላስጨነቃትም፤ የራሱ ላብ ነው፣ ከፈለገ ወንዝ ይጣለው አለችኝ። የሷ ነገር ሌላ ነው። ገና አዲስ ተጋቢ ሳሉ፣ ልጅነት ነው፣ የት እንደሚቀበሩ ተነጋግረው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ፣ ጎን ለጎን። እሷ ይህን ንግግር ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ኖራለች። «ሞትን የማልፈራው ከጎኑ እተኛለሁ ብዬ ነው። ብቻዬን ከሆነ ግን እፈራለሁ» አለችኝ። እናቴ ፈራሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። እማዬ ምን አጥፍታ ነው ጥለሃት የምትሄደው አልኩት፣ ደህና አደርክ እንኳን ሳልለው። ለብቻዬ እሄዳለሁ ማን አለሽ አለ፤ ግራ ተጋብቶ አየኝ። የጠየቀው ለሁለት ሰው ነው። ዕቁቡም ሁለት ዕጣ ነው፣ አንዱ በእሱ አንዱ በእሷ ስም። ያልነገራት ዋጋውን ስትሰማ እንዳትከለክለው ብሎ ነው። ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንዳሰበ ደጋግሜ ስጠይቀው አዲስ የመጣውን ፍሪዘር በጨርቅ እየወለወለ ብዙ ቆየ።

«ጠግቤ አላየኋትማ» አለኝ በመጨረሻ።

ከዚያ ሌላው ነገር ተከተለ። ማለዳ ስወጣ ተኝታ ነው፣ ስመለስ ደክሟት ነው አለ። አንቺን ስትወልድ ሱቅ ነበርኩ፣ ወንድምሽን ስትወልድም ሱቅ ነበርኩ። ነገ ነገ እያልኩ አረጀሁ፤ እንግዲህ ያለኝ ቀን አነሰ፣ ተጨማሪ ቀን የሚሸጥ ሰው ሲገኝ ምን ላድርግ፣ አልገዛም ልበል? አለኝ። የመጣሁበትን ጠብ ረሳሁና እኔም ጨርቅ አንስቼ የዚያኛውን ፍሪዘር በር መወልወል ጀመርኩ።

ልቤ አላስቻለኝም፣ ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጠግቤ አላየኋትም ብሏል ስላት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቋን እንደደበቀች ዓይኗ ያስታውቅ ነበር። ቀጥላ ግን ተነስተው ሲመጡ የሚያገኙትን ዓለም ማሰብ ጀመረች። ማን ይኖራል አለች። ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ፣ ነፍስ አባት የለ። ደግሞስ ቢያስነሱን ለዘላለም አይደል፣ አንድ ቀን እንደገና እንሞታለን። «ሁለተኛ ስሞት ማን ይቀብረኛል? እድርተኛው በሙሉ አልቆ። ሬሳዬ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው? አልሄድም በይው» አለችኝ።

ይህንን ለአባቴ ስነግረው ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። አባቴ አልሳቀም፤ ልክ ናት፣ ይሄን አላሰብኩትም አለ። ነጋዴ ነውና ችግሩን ለባለቤቱ ሊወስደው ወሰነ። የዚህ ችግር ባለቤት እድሩ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ ሊያቀርብ ነው ሲባል ሰፈሩ አስቀድሞ ሰማ፤ ያን እሑድ ጠዋት ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ የሚቀመጥበት የእድሩ አዳራሽ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። እኔ እናቴን ወክዬ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር።

አባቴ ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጥያቄውን አቀረበ። እሱና ባለቤቱ ለጊዜው ቢሄዱ፣ ወርኃዊ መዋጮአቸውን አስቀድመው ቢከፍሉ፣ ስማቸው ከመዝገቡ ሳይሰረዝ ቆይቶ፣ ተመልሰው ሲመጡና እንደገና ሲሞቱ እድሩ ይቀብራቸዋል ወይ? ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ያለበት፣ የጉልት ነጋዴውም ጅምላ አከፋፋዩም የተቀላቀለበት ነው፤ በገንዘብ ጉዳይ ሁሉም ሊቅ ነው። አንዱ፣ ሰውዬው ሞቱ ተብሎ የቀብር ገንዘብ ለቤተሰቡ ከተከፈለ በኋላ ቢመለሱ ገንዘቡን ይመልሳሉ ወይ አለ። ሌላው፣ ሞተዋል ካልን ደግሞ መዋጮ ከሞተ ሰው አንቀበልም አለ። ከኔ አጠገብ የተቀመጡት እትዬ ደግሞ፣ እሳቸው ወጣት ሆነው ተነስተው እሷ አሮጊት ብትሆንስ ብለው ሴቶቹን ሁሉ በሳቅ ፈጁ። ማንም ግን ይሄ እብደት ነው ብሎ አላቋረጠውም። ጉዳዩን በጉዳይነቱ ያዙለት፤ ለዚህ እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

የእድሩ ዳኛ አንዋር መስጊድ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። ከአባቴ ጋር አብረው ነው ያደጉት ማለት ይቻላል፤ መንገድ ላይ አንተ ነው የሚባባሉት፣ ስብሰባ ላይ ግን እርስዎ ይሆናሉ። ሁሉም ተናግሮ እስኪያበቃ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጠበቁ። እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ቀብር ላይ ጸሐፊው የአባላቱን ስም ይጠራል፣ የተገኘ አቤት ይላል፣ የቀረ ይቀጣል። አባቴ በዚህ ደንብ ተቀጥቶ አያውቅም። ሱቁን የሚዘጋው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንዱ መስቀልን አገር ቤት ለመዋል፣ ሌላው ለቀብር።

«ጋሼ፣ የኛ ደንብ ቀላል ነው» አሉ ሐጂ። «የሞተን እንቀብራለን፣ ያልሞተ ደግሞ ከቀብር አይቀርም። እርስዎ አልሞትኩም ካሉ ስምዎ መዝገቡ ላይ ይቆያል፣ ማንም አይሰርዘውም። ባለቤትዎ ግን አልሄድም ብለዋል፤ ሰምተናል። እሳቸው ያረፉ ቀን ጸሐፊው የእርስዎን ስም ሲጠራ ማን አቤት ይበል?»

አባቴ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ። ሐጂ መልስ አልጠየቁትም፤ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ብለው ወደ ድንኳን ጥገናው አለፉ። ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ቤት ሄድን።

እናቴ በር ላይ ነበረች። የሰፈር ወሬ ከኛ ቀድሞ ደርሷት ኖሮ ምን ተባለ ብላ እንኳን አልጠየቀችም። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እሷ ቆማ ከላይ ወደ ታች አየችውና፣ «ለሞተ ሁሉ ሱቅህን ስትዘጋ ኖረሃል» አለችው። «እኔን ጠግበህ ማየት ከፈለግህ እስከምሞት ለምን ትጠብቃለህ? በቁሜ ዝጋልኝ።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አባቴ የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ። ዝጊው ያለኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ አይደለም፣ አንቺ ከፍተሽ ዋይ፣ እኔ ቤት ሄጃለሁ አለኝ። ብርድ ልብስ ሻጯ ታመው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄደ። ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አላወቀበትም፤ የማድ ቤቱን ዕቃ እንደ ሱቅ መደርደሪያ በመጠን በመጠኑ አሰለፈው፣ እናቴም ጨው ፍለጋ ግማሽ ቀን አባከነች። ይሄ ሰውዬ ቤት ከዋለ ወዲህ ሥራ በዛብኝ እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። ስታማው ግን ፊቷ ይበራል። የዕቁቡ አንዱ ዕጣ ሲወጣ ሐዋሳ ወሰዳት፤ ሐይቅ አይታ አታውቅም ነበር። ዓሣውን እሾኹን እየለቀመ ለሷ ሲያቀርብ አብሯቸው የሄደው ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁለተኛው ዕጣ ሲወጣ መስቀልን አገር ቤት ዋሉና ሳይመለሱ ወር ከረሙ። እኔ ሱቁን ብቻዬን ይዤ ስራወጥ በስልክ ያሾፉብኝ ነበር።

በረዶውን ተውኩት ግን አላለም። ቪዲዮው ስልኩ ላይ እንዳለ ነው፤ አንዳንዴ ደንበኛ ሲጠፋ ከፍቶ ሲያየው አገኘዋለሁ። እኔም አልጠየቅሁትም፣ እናቴም አልጠየቀችውም።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ እናቴ ታመመች። ሕመሙ ረጅም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ አልጋዋ ጎን ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠላት ሳለ አረፈች። እሱ ያን ጊዜ ሱቅ አልነበረም። የመጀመሪያው ጩኸት የሱ ነው፤ ያንን ሁሉ አታልቅሱ ያለን ሰው እንደዚያ ሲጮህ ጎረቤቱ በሙሉ ደረሰ፣ እድሩም ወዲያው ድንኳኑን ተከለ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ የመቃብሩን ጉዳይ ሊጨርስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አባቴ ጠራው። እኔና ወንድሜ ስለ በረዶው እንዳናነሳ ተስማምተን ነበር። «ቦታውን ለሁለት ሰው ነው የምትጠይቀው» አለው አባቴ። «ጎን ለጎን። አሁኑኑ ይያዝ።» ወንድሜ እሺ አለና ወጣ። እኔ ድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፣ ለምን እንደማለቅስም ለይቼ አላወቅሁትም።

ቀብሩ ላይ ሰዉ ብዙ ነበር። ሐጂ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ከግቢው ደጃፍ ቆመው ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ወደ በሩ ሲወጣ ጸሐፊው እዚያው ደጃፍ ላይ መዝገቡን ገልጦ እንደ ደንቡ ስም መጥራት ጀመረ። ሐዘንተኛ ስሙ አይጠራም፤ ይህንን የማያውቅ የለም። እኛ አባቴን ደግፈን ወደ መኪናው እየወሰድነው ነበር። በመሀል ቆመ፣ እጁን ከእጄ አስለቀቀና ተመልሶ ሄደ። የኔን ለምን ዘለልከው አለው ጸሐፊውን። ጸሐፊው ተደናግጦ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፣ አይጠየቁም አለው። አባቴ ጥራኝ አለ። ጸሐፊው ሐጂን አየ፤ ሐጂ ዓይናቸውን በመሐረባቸው እየጠረጉ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉት።

ተጠራ።

«አቤት፣ መጥቻለሁ» አለ አባቴ፣ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

ጸሐፊው ከስሙ ፊት ምልክት አደረገ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አየና፣ በል ቀጥል አለው።